ልሳን ሲዘጋ ልብም አብሮ ይዘጋልን?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ቆሞ ድንቁርናን ያላወገዘ ተናጋሪ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለንም። ድንቁርና ይጥፋ ሲባል አጨብጭበናል፤ እኛም በተራችን ብለነዋል። ነገር ግን ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ደነቆረ ማለት መስማት ተሳነው ማለት ነው። ጩኸት ሲበዛብን «አደነቆረኝ» እንላለን፤ ይህን ስንል ጆሯችንን እንጂ አእምሯችንን አናማም። ሆኖም ያው ቃል ከጆሮ ወደ አእምሮ ተሻግሮ ያልተማረውን፥ የማይገባውን፥ ምክር የማይቀበለውን ሁሉ መጥሪያ ሆኗል። እንግሊዞችም ዲዳን በሚጠሩበት ቃል ሞኝን ይጠሩበታልና ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ጆሮው የማይሰማ ልጅ በአገራችን ሲወለድ፥ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፥ ምስክር ሳይሰማበት ቋንቋው ራሱ ፈርዶበት ይጠብቀዋል።

ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚህ ፍርድ ነው። መስማት አንድ ነገር ነው፤ ድምፅን በአፍ አስተካክሎ ማውጣት ሌላ ነው፤ ቋንቋን በአእምሮ መያዝ ሌላ ነው፤ ማሰብ ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ሁሉ አብረው እንደ ጠፉ አድርጎ መቁጠር በአገራችን የተለመደ ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው አንድ ስፍራ እንያዝ። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ፥ አዲስ ዘመን ሳይደረስ፥ በሊቦ ከምከም ወረዳ ይፋግ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው ልብ ላይላት ይችላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በስመ ጥር ገበያዎች ተራ የነበረች፥ ከአፋር ቆላ የተቆረጠው አሞሌ ጨው ከነጋዴ ወደ ነጋዴ የሚተላለፍባት፥ የውጭ አገር መንገደኞች በጽሑፋቸው ያነሷት ስፍራ ነበረች። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን የዚያው አካባቢና የፎገራ ሜዳ ልጆች ስለ ሆንን ምሳሌያችንን ከዚያ ብንወስድ የአገር አድልዎ አይባልብን።

እንግዲህ ገበያ ማለት አንደበት ነው። በይፋግ ሸጦ የሚገባ ሰው ከሚዛኑ ይልቅ ምላሱ ይረዳዋል። ችሎት ደግሞ ከገበያም ይብሳል። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ በፈረስ፥ በበቅሎ ወይም በማር እየተወራረዱ በተሟገቱበት ዘመን፥ ርስቱን የሚያስከብረው እውነተኛው ሳይሆን አንደበተ ርቱዑ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነበር ብንል አባቶቻችንን መንቀፍ አይሆንብንም። ቤተ ክህነቱም ቢሆን ሰምና ወርቅ አዋሕዶ ቅኔ የሚቀኘውን ያከብራል። በእንዲህ ያለ አገር አንደበቱ የተያዘ ሰው የሚያጣው መናገርን ብቻ አይደለም፤ ርስቱንም፥ ማዕረጉንም፥ ሚስት የማግባት ተስፋውንም አብሮ ያጣል።

ስሙም ብዙ ነው። ቃሉን ሲጀምር የሚደጋግመውና የሚይዘው ተብታባ ይባላል። ድምፁን የሚያጣምመው ኮልታፋ፥ ምላሱ የማይታዘዝለት ጎልዳፋ ይባላል። እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ አንድ ነገር እናንሣ። ዌንደል ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ እርሱም ራሱ ተብታባ የነበረ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት፥ አንዳንድ የአሜሪካ ነባር ነገዶች በቋንቋቸው መንተባተብን የሚጠሩበት ቃል ስለሌላቸው ከመካከላቸውም የሚንተባተብ የለም ብሎ ጽፎ ነበር። ልጁን ተብታባ የሚያደርገው ተብታባ ተብሎ መጠራቱ ነው ማለቱ ነው። ሐሳቡ ልብ ይማርካል፤ ቋንቋ ሰውን ይሠራል ለሚሉትም ጥሩ ማስረጃ መስሎ ነበር። ነገር ግን ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እነዚያው ነገዶች ዘንድ ሄደው ቃሉንም፥ የሚንተባተቡትንም ሰዎች አገኟቸው። ዛሬ መንተባተብ በየቋንቋው የሚገኝ፥ በዘርም የሚወረስ፥ ከአእምሮ አሠራር የሚነሣ ነገር እንደ ሆነ ታውቋል። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ያልፉበታል፤ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ አድገውም አብሯቸው የሚቀር ከመቶ አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ስም ሕመሙን አይወልደውም። ስም የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ልጁ ከሚናገር ይልቅ ዝም ማለትን እንዲመርጥ ያደርገዋል።

ዝምታ ደግሞ በቤታችን የተመሰገነ ነው። በትልቅ ሰው ፊት የማይናገር፥ ሲጠየቅ ብቻ አንገቱን ደፍቶ የሚመልስ ልጅ ጨዋ ይባላል። እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው፤ አሁንም ቢሆን በመምህር ፊት እጅ ለማውጣት የምናመነታ ከዚያ የተነሣ ይመስለናል። በዚህ ሥርዓት የአራት ዓመት ልጅ አፉን ሳይፈታ ቢቆይ ማን ያውቅበታል? እናቱ ታውቅ ይሆናል። ለጎረቤት ብትነግር ግን «ተይው፥ አባቱም እንዲሁ ቆይቶ ነው የተናገረ» ይሏታል። ጆሮው እንደማይሰማ የሚታወቀው ኋላ፥ ከብት ጠባቂ ሆኖ ሜዳ ላይ ሲጠሩት ዞር ባለማለቱ ነው። ያን ጊዜም በመጀመሪያ የሚደርስበት ስለ እልከኝነቱ ዱላ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ልጅ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝባቸው ዓመታት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ ጨዋ ነው ተብሎ የተመሰገነባቸውም ዓመታት እነዚያው ናቸው።

ስለ ቄስ ትምህርት ቤትም አንድ ነገር እንጨምር። የሚንተባተብ ሰው ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲናገር ወይም ሲያዜም አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም። ይህ በየአገሩ የታየ ነው። ልጆች ተሰብስበው «ሀ ሁ» ሲሉ፥ አቡጊዳውን በዜማ ሲወርዱ ተብታባው ልጅ ከማንም ሳይለይ አብሮ ይወርዳል። የኔታ ለብቻው ቀጽል ሲሉት ግን ቃሉ ይያዝበታል። የኔታም ከጓደኞቹ ጋር በደንብ ሲል ሰምተውታልና ሰነፈ እንጂ ታመመ አይሉም፤ አለንጋው ይነሣል። ከየኔታ ክፋት አልነበረም። ያዩትንና የሰሙትን መሠረት አድርገው ነው የፈረዱት። ደግሞም እኮ ያው የኅብረት ንባብ፥ ምክንያቱን ለሚያውቅ መምህር፥ ለእንዲህ ያለው ልጅ ጥሩ መድኃኒት መሆን ይችል ነበር።

ወደ ጨው እንመለስ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የሚነገር ነው፤ ነገር ግን ተረት ተናጋሪው ሳያውቀው የሕክምና ምሥጢር ተናግሯል። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲጎድል ነው፤ በደጋው አገራችን አፈር ውስጥ አዮዲን ጥቂት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን እጅግ ሲጎድላት የሚወለደው ልጅ መስማትና መናገር የተሳነው፥ አእምሮውም የዘገየ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ደግፍም በበኩሉ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጆሮ መስማትን ያጠፋል። አሞሌ ጨው በይፋግ በኩል እንደ ገንዘብ ሲተላለፍ ስንት መቶ ዓመት ኖረ፤ ደገኛው ለጨው እየከፈለ የጎደለውን ነገር ግን ከጨው ሳያገኝ ቀረ። ለምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚል ደንብ በአገራችን የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚህም ሌላ ማጅራት ገትር፥ በልጅነት ሳይታከም የሚቆይ የጆሮ ምግል፥ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች መስማትን ይጎዳሉ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2005 በሊቦ ከምከም ካላ አዛር በተነሣ ጊዜ የአካባቢው ሰው ብዙ መከራ አይቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ኋላ ለዚህ በሽታ ማከሚያ ከተመረጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓሮሞማይሲንም ጆሮን ሊጎዳ ከሚችሉት ወገን ነው። ነፍስን ለማዳን የሚሰጥ ነውና አይሰጥ ማለታችን አይደለም፤ በኋላ ልጁ «ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ» ሲባል የጤና ጣቢያው ሰው ምክንያቱን እንዲያስብበት ለማለት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን ደረስን። በአካባቢያችን አንድ ሽማግሌ ድንገት ወድቆ፥ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዝሎ መናገር ሲያቅተው «ልሳኑ ተዘጋ» ይባላል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ከቃሉ ጋር የሚመጣው ግን አያምርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚነጋገረው በሽማግሌው ፊት ስለ ሽማግሌው እንጂ ከሽማግሌው ጋር አይደለም። መሬቱ እፊቱ ይከፋፈላል። ቀብሩ የት እንደሚሆን እፊቱ ይመከራል። እርሱም ዓይኑን ያንከራትታል።

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1861 በፓሪስ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ሌቦርኝ የሚባል አንድ ሕመምተኛ አየ። ሰውዬው ከ20 ዓመት በላይ ሆስፒታል ውስጥ የኖረ፥ ምንም ቢጠይቁት «ታን፥ ታን» ብቻ የሚል፥ ስሙም «ታን» ሆኖ የቀረ ነበር። የሚሉትን ግን ያስተውል ነበር። በሞተ ጊዜ ብሮካ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው ወገን በፊት በኩል አገኘው። በ1874 ደግሞ ቬርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ተቃራኒውን ገለጠ፤ እንደ ልብ የሚናገሩ፥ ንግግራቸው ግን ትርጉም የሌለው፥ የሚነገራቸውንም የማያስተውሉ ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ ጉዳት ከኋላ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምሯል፥ ብዙም ታርሟል። ዋናው ነገር ግን አልተሻረም፤ ልሳኑ የተዘጋ ሁሉ አእምሮው አልተዘጋም፤ አፉ የሚፈስለትም ሁሉ አእምሮው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። (ሁለተኛው ነገር በስብሰባ ላይም ይታያል የሚል ጓደኛ አለን።)

ይህን ለመረዳት ፓሪስ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የልጁን ስም ማን እንበለው ብለው በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ዮሐንስ ብሎ ጻፈ። ንግግር ጠፋ፥ ቋንቋ ግን አልጠፋም። ታሪኩን በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን እንሰማዋለን፤ ልሳኑ ለተዘጋው ሽማግሌ ሰሌዳ ያቀረበ ግን አላየንም። እርግጥ ሽማግሌው ፊደል አልቆጠረ ይሆናል፤ ብሮካ እንዳየው ያለ ጉዳት ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈትም አብሮ ይጎዳል። ቢሆንም «አዎን» እና «አይደለም» ለማለት አንድ ጣት ይበቃል።

ቤተሰቡን ይበልጥ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ውኃ ስጡኝ ማለት ያልቻለው፥ ጸሎት ሲጀመርለት አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው ሊወጣው ይችላል። መቁጠር፥ መማል፥ መሳደብ፥ ማዜምም እንዲሁ። ከልጅነት ጀምሮ በልማድ የተጠለፈ ቃል ተፈልጎ ከሚገኝ ቃል በሌላ መንገድ ስለሚወጣ ነው። ሰው ግን ይህን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ይላል፤ ወይ «እልኸኛ ነው፥ ሲፈልግ ይናገራል»፥ ወይ «ርኩስ መንፈስ ነው የያዘው»። ወደ ጠበል መውሰዱን አንነቅፍም፤ ሰው በእምነቱ መጽናናት አለበት። ጠበሉ ከሐኪም ጋር ቢሆን ግን ምን ይጎዳል? እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ ግን ዝም አንልም። ልጅ ጉሮሮውን በታመመ ቍጥር እንጥሉን በምላጭ መቁረጥ ደም ያፈሳል፥ ቁስል ያመረቅዛል፥ አንዳንዴም ይገድላል፤ በንግግር ላይ አንዳች ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ጓደኞቻችን የምትወዱት ነገር ይመጣል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የብሮካ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው የቃሉን ጅራት እየቆረጠ ሥሩን ብቻ ይናገራል። ፈተናውም ይህን አስቦ የተሠራ ነው። በአማርኛ ግን ይህ እንዴት ይሆናል? «አልሰበረችውም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማን እንደ ሰበረ፥ ምን እንደ ተሰበረ፥ ነገሩም እንዳልሆነ ሁሉ አለ፤ ይህ ሁሉ ተገፍፎ የሚቀረው ስ፥ ብ፥ ር ብቻውን በአፍ የሚነገር ቃል አይደለም። የሴም ወገን በሆነው በዕብራይስጥ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ሕመምተኛው ጅራቱን አይጥልም፤ በሌላ ጅራት ይተካዋል፤ ወንዱን ሴት፥ ያለፈውን የሚመጣ ያደርገዋል። አማርኛ ተናጋሪው በዚሁ መንገድ ቢሳሳት፥ የእንግሊዝኛውን ፈተና ተርጉሞ የያዘ መርማሪ ሕመሙን ላያየው ይችላል።

የድምፁም ነገር እንዲሁ ነው። ቀ፥ ጠ፥ ጨ፥ ጸ በእንግሊዝኛ የሉምና የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠይቃቸውም። መጥበቅና መላላት ደግሞ በፊደላችን እንኳ አይጻፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «የፎገራ በሬ ይበላል» ብንል ሣሩን የሚግጠው በሬው ይሁን፥ ለፋሲካ የሚበላው በሬው ይሁን የሚያስታውቀው የድምፅ መጥበቅ ነው። ልጁ ማጥበቅ ቢያቅተው ሰው ኮልታፋ ነው ብሎ ይስቃል፤ ምን እንደ ጎደለው ግን የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግረንም። እንዲሁም በቤቱ አዊኛ ወይም ኽምጣንኛ ሲናገር አድጎ ትምህርት ቤት የገባውን ልጅ የአንደበት ጉድለት አለበት ብሎ መመዝገብ ይመጣል። እርሱ ጉድለት አይደለም፤ ሌላ ቋንቋ ነው።

ደግነቱ ነገሩን ከራሳችን ፊደል የጀመሩ ሰዎች ተነሥተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አወጡ። በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራቸው ቀርቷል። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት በእርግማን ስትታማ፥ ልጇን በጓዳ ስትደብቅ ትኖር ነበር፤ በየገጠሩ ዛሬም አለች። ፈረንጆችም ቢሆኑ ለብዙ ዓመት የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ያመጣው እያሉ እናቶችን ሲያስለቅሱ ነበርና በዚህ አይመጻደቁብንም።

የእጅ ፊደሉም ሌላ ብልኀት ነው። በኢትዮጵያ የእጅ ፊደል ተነባቢው በእጅ ቅርፅ ይታያል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀን ይዞ ሁ፥ ሂ፥ ሃ እያለ የሚወርድ እጅ ያየ ሰው የየኔታን ዜማ በዓይኑ የሰማ ይመስለዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ የንግግርና የቋንቋ ሕክምናም እንዲሁ ተጀምሯል። ከይፋግ አዲስ አበባ ግን ሩቅ ነው። በሜዳው ያለው መስማት የተሳነው እረኛ ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር በፈጠረው ጥቂት ምልክት ይኖራል፤ ላሞቹን በመልካቸው ይለያል፥ የጎርፉን መምጣት ከሁሉ አስቀድሞ ያያል፥ የገበያ ሒሳብም በጣቱ አይሳሳትም። አያስብም የሚል ካለ ላም ይግዛው።

አንዳንዶች «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ትተን «መስማት የተሳነው» ብንል ይበቃል ይላሉ። ቃሉ መለወጡን እንደግፋለን፤ እኛም ከዛሬ ጀምሮ ያልተማረን ሰው ለመንቀፍ ሌላ ቃል እንፈልጋለን። ብቻ ሰውን በአዲስ ስም ጠርቶ በአሮጌው ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነው።

ስለዚህ ንግግራችንን ለሕግ ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ እንተወው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340 መስማትና መናገር የማይችሉ፥ ማየት የተሳናቸውና ሌሎችም ዘላቂ ጉድለት ያለባቸው፥ ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፥ አእምሯቸው ለጎደለ ሰዎች በተሰጠው ጥበቃ ሊጠቀሙ ይችላሉ ይላል። ይህ እነርሱ ሲጠይቁ የሚሰጥ ጥበቃ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በየቀበሌው ግን እንደ ፍርድ ሲነገር ሰምተናል። ያው ሕግ በቁጥር 892 ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝ እንዲችል ይፈቅዳል። በሌላ በኩል አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ ቋንቋ ማለት የሚነገረውም፥ በምልክት የሚታየውም፥ ሌላውም የማይነገር ቋንቋ ነው ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ ክፍል ነው ብሏል። እንግዲህ በይፋግ ልሳኑ የተዘጋ ሽማግሌ፥ ሁለት ምስክሮች ቁመው ሲጠይቁት፥ በግራ እጁ ጣት ታናሽ ልጁን ቢያመለክትና «አዎን» ብሎ ራሱን ቢነቀንቅ፥ በቃል ተናዘዘ ይባላል ወይስ አይባልም?

መልስ ያላችሁ መድረኩ ክፍት ነው። የዳኝነቱን ወንበር የሕግ ክፍል መምህራችን እንዲይዙልን በትሕትና እንለምናለን።